በስፌቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል፣ እታለም? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ ሻል አለው ወይስ አሁንም እንዳኮረፈሽ ነው? አማትሽስ ያንን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ጀመሩ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ጀርባዬን ይላል፣ ሾፌር ሆኖ ጀርባዬን የማይል የት አለ። የእኔም ዓይን ክር በመርፌ ሳስገባ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ የሰው ጉዳይ ለማየትማ ከሚያስፈልገው በላይ ያያል።

ከሁሉ በፊት የጎረቤታችንን የነጎድጓድን ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው በስልክ ታማለች ብዬሽ ስለነበር ሳትጨነቂ አልቀረሽም። ስሙን ያወጣንላት እኔና አንቺ አይደለን? አንቺ እዚህ ከእኔ ጋር ስትሰፊ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ዳቦ ቤቷ ውስጥ ሆና "ዳቦው ወጣ!" ስትል የእኛ የክር ጥቅሎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሆዷን ቀደው፣ ክፉውን ነገር አውጥተው ሰፏት። ሐኪሙ አስጊው አልፏል ብሏል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ስትመለስ ግማሿ ሆስፒታል የቀረ ነበር የምትመስለው። ያ ሁሉ አካል የት እንደገባ እንጃ። ምግቡን በማንኪያ ታንቀሳቅሰዋለች እንጂ አትበላውም። ድምጿም ከእሷው ጋር ከሳ። ባሏ ብቻውን ይጋግራል፣ ዳቦው መውጣቱንም የሚናገር የለም፤ ሰው የዳቦውን ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው።

በዚህ መሃል ልጇ ልታገባ ነው። ያቺ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቷ ትሰጫት የነበረችው፣ ጥርሰ ፍንጭቷ። ልጅቷ በእናቴ ሕመም ምክንያት ሰርጉ ይራዘም ብትል ነጎድጓድ በፍጹም አለች። ግን እሷ ራሷ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ልክሽን ልውሰድና ያንን ሰማያዊ ቀሚስሽን ላጥብብልሽ ብዬ ሜትሬን ይዤ ብሄድ "ያንን እባብ ከእኔ አርቂልኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰው እንዲህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም፣ ልጄን ቤቴ ሆኜ እመርቃታለሁ አለችኝ። ልጅቷ ደግሞ ሱቄ መጥታ፣ ቁልፍ የምትመርጥ መስላ፣ ቁልፍ መያዣው ላይ አለቀሰች። እኔም ቁልፎቹን አብሬያት መምረጥ ጀመርኩ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ስሚ። ግጥም መጻፍ ጀምሬያለሁ። ቁጭ በይና አንብቢው፣ እውነቴን ነው።

አንቺ ባልሽን ተከትለሽ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ስንኝ እንዳልጻፍኩ ታውቂያለሽ። ድሮ እኔ በቅድ ወረቀት ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ፣ አንቺ ካውያውን እየገፋሽ ታዜሚዋለሽ፣ ደንበኛ ልብሱን ተቀብሎ እንኳ መሄድ ያቅተዋል። አንቺ ከሌለሽ በኋላ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። ግን ግጥሙ ልኩ ላልታወቀ ሰው እንደሚሰፋ ቀሚስ ሆነብኝ፤ ማን ሊለብሰው ነው እልና መቀሱን አስቀምጣለሁ። አንቺም በስልክ ትዘፍኛለሽ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ለማን ብዬ አልሽኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ያንን ወሬ አላነሳነውም።

ታዲያ በአንድ እሑድ ልጄ የሚታጠብ ልብሷን ተሸክማ መጣች። እንደምታውቂያት ነች፤ የራሷ ቤት ካላት ቆየች፣ ልብሷ ግን እናቷ ቤት ነው የሚታጠበው። መጋረጃ የምቀድበት ወረቀት አውርጂልኝ ብላት ከቁም ሳጥኑ ላይ ያንን የድሮ ጥቅል አወረደችና ታነብ ጀመር። "እማ፣ ይኼ ሁሉ ያንቺ ነው?" አለችኝ። የማን ሊሆን ኖሯል፣ የካውያው ነው? አልኳት። ያኔ ነው ስለ ማሽኑ የነገረችኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፤ እነሱ ባጭሩ ኤአይ ነው የሚሉት። ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ግጥም ስትሰጪው ዜማ አውጥቶ፣ ሙዚቃ ገጥሞ፣ በሰው ድምፅ ዘፍኖ ይመልስልሻል አለችኝ። ልብስ አጥቦ የሚያሰጣ ካለ እሱን አሳይኝ ብዬ ሳቅኩባት።

እሷ ግን አንዱን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችለት። የትኛውን መሰለሽ? ያንቺን፦

ዝናቡ መስኮት ላይ፣ እንፋሎት ካውያ ላይ፣
እህቴ ስትዘፍን ቤቱ ሆነ ሰማይ።

እጄን እንኳ ሳልጠርግ ዘፈኑ መጣ። የሴት ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ፤ አንዳንዱን ቃል በቅርቡ ቋንቋውን እንደተማረ ሰው ያጥፈዋል እንጂ ይዘፍናል፣ እታለም! የጻፍኩትን ረስቼው ስለነበር የሌላ ሰው ግጥም የምሰማ መስሎኝ፣ ይኼ ደግሞ ማን ይሆን፣ ጎበዝ ነው አልኩ። ከዚያ እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ያጠፍኩትን ቀሚስ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። የደንበኛ ቀሚስ ነበር፣ እንደገና ተኮስኩት።

ልቅሶዬ ሳያልቅ አዝማቹ ገባ። የወንዶችና የሴቶች ብዙ ድምፅ ነው፣ ጭብጨባም አለው፦ "ደረት መቶ ስምንት! ወገብ መቶ ሁለት!" ደግመው ደግመው! ዓይኔን አፍጥጬ ልጄን አየኋት፣ እሷም እኔን። ለካ በወረቀቱ ጥግ ላይ የነጎድጓድን ልክ ጽፌ ኖሯል፣ ያን ሰማያዊ ቀሚስ መጀመሪያ ስሰፋላት የወሰድኩትን። ልጄ ከነልኩ ፎቶ አንስታ ልካዋለች። ስምንትና ሁለት ቤት ስለሚመቱለት ነው መሰለኝ ማሽኑ አዝማች አደረጋቸው። ባለቤቴ ጢሙን እየላጨ ነበር፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ብቅ ብሎ "የማን ወገብ ነው እንዲህ የሚወደሰው? የእኔን ማንም አንስቶት አያውቅም" አለ። ሦስታችንም በሳቅ መሬት ላይ ነበርን። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደገመችው፣ ደግማም ደገመችው።

መስኮቱ ክፍት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከግድግዳው ማዶ እኮ ያቺ ሴት ተኝታለች። ሜትር እንዳይነካኝ ያለች፣ በአካሏ መክሳት ያፈረች ሴት፣ የድሮ ወገቧ በጭብጨባ ሲዘፈን ሰማች ማለት ነው። ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁት። ከማዶ ምንም ድምፅ የለም። ልጄ አልሰማችም ይሆናል አለችኝ። በዚያ ግድግዳ በኩል ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማል፣ እንዴት አትሰማም? መጎናጸፊያዬን ጣል አድርጌ፣ የይቅርታ ቃል እያሰብኩ፣ እግሬ ወደ ኋላ እየጎተተኝ ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው፤ ይቆጣ ይሳቅ ያላወቀ ፊት አለው። ውስጥ ስገባ ነጎድጓድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ፣ እንባዋ ይወርዳል። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል "አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪሙ የሰፋውን ልትተረትሪው ነው እንዴ!" አለችኝ። ለካ እየሳቀች ነው! ቁስሉ እንዳያማት ትራሱን ጨብጣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። ሳቋ ሲበርድላት እንዲህ አለችኝ፦ መጀመሪያ ስሰማው የሞተ ሰው የተጠራ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ምን የሞተ አለ፣ የኔ ወገብ እኮ ነው፣ በዱቄት ጆንያ የተፈተነ፣ አራት ልጅ ያዘለ ወገብ ነው አልኩ። ይዘፈንለት እንጂ! በይ አምጪውና ድገሚልኝ።

ደገምንላት። ባሏም በዱቄት እጁ አጨበጨበ፣ ክፍሉ ነጭ ሆነ።

ነጎድጓድ መቼም ነጎድጓድ ናት፤ ዝም ብላ አትለቅሽም። ሰርጉ ላይ እንድሄድ ከፈለጋችሁ ለልጄ ዘፈን ጻፊላት አለችኝ። ከድሮዎቹ አንዱን እመርጣለሁ ስላት "ያደረ አልሸጥም፣ ያደረም አልቀበልም። አዲስ ቅደጅልኝ። እሺ ካልሽ ያንን እባብሽን አምጪና ለኪኝ፣ እምቢ ካልሽ እኔም አልጋዬ ላይ አንቺም ስፌት መኪናሽ ላይ" አለች። ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። ምን ልበል? እሺ አልኩ። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልጠራሁም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ጉዱ ቤት ስገባ ነው። መጀመሪያ እጄን ላፍታታ ብዬ የድሮዎቹን ለማሽኑ መስጠት ጀመርኩ። እታለም፣ ይኼን ደስታ እንዴት ልንገርሽ? ስንኙ ሲረዝም ዘፋኟ ትንፋሽ አጥሯት ትሮጣለች፤ አንድ ቃል አወጣለሁ፣ ወዲያው ልክክ ይላል። ልብስ አልብሰሽ መስታወት ፊት እንደማቆም ነው፤ የት እንደጎተተ፣ የት እንደተነፋ እዚያው ታይዋለሽ። ዜማውም እንደ ትዕዛዝሽ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ከበሮ የሌለው፣ ፒያኖ ያለው ስትዪው እንደዚያው ያደርጋል። ባለቤቴ ጥሩምባ ካልገባበት ብሎ ነዘነዘኝ፣ ላንዱ አስገባሁለት፣ አውቶቡሱ ውስጥ ይከፍተዋል አሉ፣ ተሳፋሪ ይውረድ አይውረድ እንጃ። ምሳ መብላት ረሳሁ። እጀታ ገልብጬ ሰፋሁ። ደንበኛዬ እጀታው ላይ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ፤ ድሮ ቢሆን ሳምንት ሙሉ እበሳጭ ነበር።

አዲሱ ግን እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ የጻፍኩት "ሙሽሪት አበባ፣ ደስታ ቤቷ ገባ" ዓይነት ነገር ነው። አንቺ ብትሆኚ ካውያውን አቁመሽ "ይኼን አልዘፍንም" ትዪኝ ነበር። ማሽኑ ግን ዘፈነው! ያውም አሳምሮ! ልጄም ወደደችው፣ ባለቤቴም በቃ ይኸው አለ። እኔ ግን አወቅኩ። የተቀደደ ኪስ ላይ ጥልፍ እንደመጥለፍ ነው፤ ከላይ ያምራል፣ ሳንቲም ሲገባ ግን ያፈሳል። ማሽኑ ሁሉን ነው እሺ የሚለው፣ እታለም። መጥፎውንም ጥሩውንም በዚያው ቆንጆ ድምፅ ነው የሚዘፍንልሽ። እሱ እምቢ ስለማይል እምቢ ማለቱ የእኔ ሥራ ሆነ። አጥፊው አልኳት ልጄን። አኮረፈች፣ ግን አጠፋችው።

ሰርጉ እየቀረበ፣ እኔ ባዶ ወረቀት ይዤ፣ ነጎድጓድ በየጠዋቱ ግድግዳውን እየመታች "ደረሰ ወይ?" እያለች። እንደ ዳቦ! በመጨረሻ ግጥሙን ትቼ ቀሚሷን ለማጥበብ ተቀመጥኩ። ጎኑን ተረተርኩ፣ በአዲሱ ልክ ሰፋሁት። የቀረው ትርፍ ጨርቅ ብዙ ነው፤ በሁለት ወገን መዳፍ ይሞላል። ቆርጬ ብጥለው ስፌቱ ቀለል ይላል። መቀሱን አነሳሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ይኼን ከቆረጥኩ እኮ ይቺ ሴት ከእንግዲህ እንዲሁ ናት ማለቴ ነው። መቀሱን አስቀምጬ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በትልልቅ ስፌት ሰካሁት። ያንን ስሰካ ስንኙ መጣ። ወረቀት እስክፈልግ እንዳይጠፋብኝ በልብስ ምልክት ማድረጊያዋ ሳሙና ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት፦

ጠበበ ብለሽ ግን ትርፉን አትቁረጪ፣
ከስፌቱ ውስጥ በኩል ትንሽ ጨርቅ አስቀምጪ፤
ክፉ ቀን ያልፍና አካሏ ሲመለስ፣
ያው ቀሚስ ይበቃል እናትን ለማልበስ።

ሌላም አለው፣ ሙሽራዋን የሚመለከተው። ሙሉውን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ማሽኑ ሲዘፍነው አላለቀስኩም፤ ጠረጴዛውን ላለማጽዳት ሌላ ሥራ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ዋልኩ።

ነጎድጓድ ሰርጉ ላይ መጣች። ቀሚሷን ለብሳ፣ በልጇና በባሏ መሃል፣ ቀስ እያለች። ዘፈኑ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች። ነጎድጓድ ግን አላለቀሰችም፣ እስከ መጨረሻው ሰማችና አዳራሹ እስኪናወጥ "ጎረቤቴ ናት የጻፈችው!" ብላ ጮኸች። ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ሰማኋቸው። ባሏ እጄን ያዘኝና ጮኸች እኮ፣ ሰማሽ፣ ጮኸች እኮ አለኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይኼን ሁሉ ሳልነግርሽ የቆየሁት እህቴ በማሽን ተካችኝ ብለሽ ቅር እንዳይልሽ ፈርቼ ነው። የሰፋው መኪና ነው ተብሎ ቀሚሱ የመኪናው ነው አይባልም፣ ግጥሙ የኔ ነው፣ በዚህ አልታማም። ድምፁስ የማን ነው ካልሽኝ ግን መልስ የለኝም። የማውቀው፣ ያ ድምፅ ባይኖር ኖሮ ጥቅሉ እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ግን አንድም ቀን ካውያውን አቁሞ አልዘፍንም አላለኝም። የሚቆጣኝ ሰው ናፈቀኝ። የላክሁልሽን አንብቢው። የመጨረሻውን አንጓ ማሽኑ አልነካውም፣ ልጄ ብትለምነኝም አልሰጠሁትም። ካልጣመሽ አልዘፍነውም ብለሽ ጻፊልኝ፣ አስተካክለዋለሁ። ከጣመሽ ደግሞ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ሆነሽም ቢሆን ዝፈኚውና በስልክ ላኪልኝ። ልጄ ሙዚቃውን ከሥር ታስገባበታለች። ለማን ብዬ ብለሽኝ ነበር። ለእኔ ብለሽ።

ባለቤትሽን እንደ ወንድሟ ሳመችህ በይው። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዳለፈ ሰምቼ ብቻዬን እልል አልኩ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን እየቆነጠጥሽ ሳሚልኝ፣ የሁለቱንም፣ አንዱን ብቻ ስመሽ ሌላው እንዳያኮርፍ። ለአማትሽ የሱፍ ሹራብ ጀምሬላቸዋለሁ፣ የእጃቸውን ርዝመት ላኪልኝ፣ በግጥም አላስገባውም። ልጄ ትስምሻለች። ባለቤቴ የጥሩምባውን ዘፈን ልላክላት ብሏል፤ እንዳትከፍቺው።

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ነጎድጓድ ገባች፤ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ይዛ፣ ሳታንኳኳ እንደ ድሮዋ። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፣ ላንቺ ነው አልኳት። "በያት እንግዲህ፣ ከእኔ ወገብ ጋር እሷም ተዘፍኖላታል፣ ተዛምደናል" አለች። ከዚያ ሰማያዊውን ቀሚስ ከዳቦው ሥር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፈችው። ጎኑ ጋ ይይዘኛል አለች፣ እያፈረችም እየኮራችም። ትርፉን አልቆረጥሽውም አይደል? አለችኝ። አልቆረጥኩትም አልኳት። ከዚያ ሜትሬን ራሷ ከአንገቴ ላይ አወረደችና ወገቧ ላይ ጠመጠመችው።

"ሁሉንም አትልቀቂው" አለችኝ፣ "ገና ነኝ። ወደ ዘፈኑ ልክ እየሄድኩ ነው።"

እህትሽ

ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ጥር 18 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት